ሁለት ስም፣ ስንት ሰው? የጽሑፍ መመሳሰልን በኮድ መለካት

ወርቅነህ ታደሰ እና ወርቅነሽ ታደሰ ወንድምና እህት ናቸው። ስሞቹን ለዚህ ጽሑፍ ቀይሬያቸዋለሁ፤ የፊደሉ ልዩነት ግን እንደነበረው ነው። ሁለቱም ለአንድ ስልጠና ተመዘገቡ። እኔ የጻፍኩት ኮድ «አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል» ብሎ መዝገባቸውን አንድ አደረገው። የእህትየዋ መዝገብ ወንድሟ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ስልጠናው የሚጀመር ዕለት መጥታ «ስምሽ የለም» ተባለች።

ጥፋቱ የመዝጋቢዎቹ አልነበረም፤ የኔ ነበር። «መመሳሰሉ ከ0.85 ከበለጠ አንድ አድርግ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ (0 ምንም አይመሳሰሉም፣ 1 ፍጹም አንድ ናቸው ማለት ነው)። ያን 0.85 ከየት አመጣኸው ብትሉኝ መልስ አልነበረኝም። ደህና ቁጥር መስሎኝ ነው።

በዚያው ቀን ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየሁት። «ኃይለማርያም ዓለሙ» እና «ሀይለ ማርያም አለሙ» ሁለት ሰው ሆነው ተቀምጠዋል። ስልካቸው አንድ፣ የትውልድ ዘመናቸው አንድ። አንድ ሰው ነው። ኮዱ ለእነዚህ የሰጠው ነጥብ 0.75 ነበር። ለወንድምና እህቱ ግን 0.89 ሰጥቷል።

ይህን ልብ በሉልኝ። መቁረጫ ነጥቡን ከፍ ባደርገው ኃይለማርያም እንደተከፈለ ይቀራል። ዝቅ ባደርገው ወርቅነሽ እንደጠፋች ትቀራለች። ቁጥሩን የትም ባስቀምጠው ሁለቱን በትክክል የሚለይ ቦታ የለም፤ ምክንያቱም ቅደም ተከተሉ ራሱ ተገልብጧል። ችግሩ ያለው መለኪያው ላይ እንጂ መቁረጫው ላይ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ የምሠራበት መንገድ ተቀይሯል። መንገዱን እንደሚከተለው ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ጠይቁ

«እነዚህ ሁለት ስትሪንጎች (የፊደል ድርድሮች) ምን ያህል ይመሳሰላሉ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። መልስ ያለው «አንዱ ጽሑፍ በምን ዓይነት ስህተት ሌላውን ሊሆን ይችላል?» የሚለው ነው።

ስለዚህ ኮድ ከመጻፌ በፊት ዳታው እንዴት እንደገባ እጠይቃለሁ። ሰው እየተነገረው በጆሮው ሰምቶ የጻፈው ነው? እንግዲያው ሀ፣ ሐ እና ኀ ተቀላቅለው ይገኛሉ። በላቲን ፊደል እየተነካ አማርኛ በሚያወጣ ኪቦርድ የተጻፈ ነው? አንድ አናባቢ ከተዘለለ ፊደሉ ሳድስ ሆኖ ይቀራል፤ «ታደሰ» «ታድሰ» ይሆናል። ከወረቀት ስካን ተደርጎ በማሽን የተነበበ ነው? ያኔ ስህተቱ የድምፅ ሳይሆን የመልክ ነው፤ ጸ ጰ ተብሎ ይነበባል። ከተለያየ ኤክሴል ተገልብጦ የተሰበሰበ ነው? ስምና የአባት ስም ቦታ ተለዋውጠው ታገኛላችሁ።

የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ባልደረባ ፍሬድሪክ ዳሜራው እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጥናት፣ ካያቸው የፊደል ግድፈቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአራት ነገሮች አንዱ መሆናቸውን አሳይቷል። አንድ ፊደል ተጨምሯል፣ አንድ ፊደል ጎድሏል፣ አንድ ፊደል ተቀይሯል፣ ወይም ሁለት ጎረቤት ፊደላት ቦታ ተለዋውጠዋል። የብዙዎቹ መለኪያዎች መነሻ ዛሬም እነዚህ አራቱ ናቸው። ጥናቱ የተሠራው ግን በላቲን ፊደል በተጻፈ እንግሊዝኛ ላይ ነው። «አንድ ፊደል» ማለት በእኛ ዘንድ ሌላ ነገር ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ከመለካት በፊት ማጽዳት

ከሁሉም እርምጃ ብዙ ውጤት የሰጠኝ ይኼ ነው። አልጎሪዝም (የስሌት ዘዴ) ከመቀያየር ይልቅ አንድ ቀን ሙሉ ጽዳት ላይ ብታጠፉ ይሻላችኋል።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ደረጃ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው። ያስገቡት ሰዎች ፊደሉን የደረደሩበት መንገድ ለእኛ ሥራ ትልቅ ስጦታ ነው። ሀ 4608 ላይ ይጀምራል። ከዚያ እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ይዟል። ስለዚህ የማንኛውንም ፊደል ቁጥር ውሰዱ፣ 4608 ቀንሱ፣ ለ8 አካፍሉ። ድርሻው ቤተሰቡን፣ ቀሪው ደግሞ ግዕዝ ይሁን ካዕብ፣ ሳድስ ይሁን ሳብዕ ይነግራችኋል።

ታን እንይ። ቁጥሩ 4723 ነው። 4608 ሲቀነስ 115። ለ8 ሲካፈል 14 ደርሶ 3 ይቀራል። ተ ደግሞ 4720 ነው፤ 112 ለ8፣ 14 ደርሶ ምንም አይቀርም። ሁለቱም ቤተሰብ 14 ናቸው። አንዱ ራብዕ፣ አንዱ ግዕዝ። ይህን መጀመሪያ ያገኘሁት ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ፊደል ስከፋፍል ነበር የዋልኩት። የፊደል ገበታው ቁጥሩ ውስጥ ተደርድሮ ተቀምጧል።

ከዚህ በኋላ ጽዳቱ ቀላል ሂሳብ ይሆናል። ሐ ቤተሰብ 2 ነው፣ ኀ ደግሞ 16፤ ሁለቱንም ወደ 0፣ ማለትም ወደ ሀ ውሰዷቸው። ሠ 4 ነው፤ ወደ 6፣ ወደ ሰ። ዐ 26 ነው፤ ወደ 20፣ ወደ አ። ፀ 40 ነው፤ ወደ 39፣ ወደ ጸ። ቀሪውን አትንኩት፤ ሑ ሁ ይሆናል፣ ሦ ሶ ይሆናል፣ ዕ እ ይሆናል። በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መልሱ፤ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነውና። እንዲህ ሲደረግ «ኃ» መጀመሪያ «ሃ»፣ ቀጥሎ «ሀ» ይሆናል።

ቈ፣ ኈ፣ ኰ እና ጐ የየራሳቸው ረድፍ አላቸው። «ጐ» እና «ጎ» ተቀላቅለው ስለሚጻፉ እኔ ጐን ወደ ጎ፣ ቈን ወደ ቆ፣ ኰን ወደ ኮ፣ ኈን ወደ ሆ እቀይራለሁ። «ቋ»ን ግን እንዳለች እተዋታለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን የሚባለውን፣ በኮምፒውተር ውስጥ የአንዱን ፊደል የተለያዩ አቀማመጦች አንድ የሚያደርገውን ዝግጁ ፈንክሽን ጠርታችሁ «ጸዳ» እንዳትሉ። እሱ ሰን እና ሠን አንድ አያደርግም። ለዩኒኮድ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ደግሞም ልክ ነው። በድምፅ አንድ የሆኑት በአማርኛ ነው እንጂ በሁሉም የግዕዝ ፊደል ተጠቃሚ ቋንቋ አይደለም። በትግርኛ ሀ እና ሐ ይለያያሉ። ትግርኛ ዳታ ላይ ይህን ጽዳት ብታካሂዱ ቃላት ታበላሻላችሁ።

ከፊደሉ ሌላ፣ ሁለት ነጥብ «፡» በቃላት መካከል ካለ ባዶ ቦታ አድርጉት። ድርብ ባዶ ቦታ ነጠላ ይሁን። ከድረ ገጽ ተገልብጦ ከመጣ ደግሞ ዓይን የማያያቸው ስፋት የሌላቸው ምልክቶች ይኖራሉ፤ አውጧቸው። «አቶ»፣ «ወ/ሮ»፣ «ዶ/ር» ከስሙ ይነሱ።

አህጽሮት ላይ ግን ቀስ በሉ። «ገ/ማርያም»ን «ገብረማርያም» ማድረግ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። «ወ/ማርያም» ግን ወልደማርያምም ወለተማርያምም ሊሆን ይችላል፤ አንዱ የወንድ፣ አንዱ የሴት ስም ነው። «ኃ/» ኃይለም ሀብተም ይሆናል። ስለዚህ አልፈታውም። «ከሁለቱም ጋር ሊሄድ ይችላል» የሚል ምልክት አድርጌበት ለሰው ዓይን አሳልፈዋለሁ።

የጸዳውን ጽሑፍ በሌላ ዓምድ አስቀምጡት። ዋናው ላይ አትጻፉበት። አንድ ሰው ስሙን በ«ዓ» ከጻፈ ስሙ በ«ዓ» ነው። የጸዳው ቅጂ ለማወዳደር ብቻ ነው፤ ለሰውየው በሚታተም ወረቀት ላይ በፍጹም መውጣት የለበትም።

አሁን ሁለቱን ጥንዶች መልሰን እንይ። በማወዳደሪያው ቅጂ ላይ ባዶ ቦታውንም ካነሳን «ኃይለማርያም ዓለሙ» እና «ሀይለ ማርያም አለሙ» ሁለቱም «ሀይለማርያምአለሙ» ሆኑ። መመሳሰላቸው 1.0 ነው። ወርቅነህና ወርቅነሽ 0.88 ላይ ናቸው። ገና ወደ አልጎሪዝም ሳንገባ ቅደም ተከተሉ ተስተካከለ።

ርቀትን በእጅ መቁጠር

ሌቨንሽታይን የሚባለው ርቀት ስሙን ያገኘው ከሶቪየቱ የሒሳብ ሊቅ ከቭላዲሚር ሌቨንሽታይን ነው። እሱ እ.ኤ.አ. በ1965 ያጠናው የሰው ስም አልነበረም፤ በመንገድ ላይ ቢት (0 ወይም 1) የሚጎድልባቸውና የሚጨመርባቸው ኮዶች እንዴት እንደሚታረሙ ነበር። ጥያቄው ግን አንድ ነው። አንዱን ስትሪንግ ሌላውን ለማድረግ ቢያንስ ስንት ጊዜ መጨመር፣ መቀነስ ወይም መቀየር ያስፈልጋል?

ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ጊዜ በወረቀት ሥሩት። «ከተማ»ን «ከተሞች» እናድርግ።

| | – | ከ | ተ | ሞ | ች |
|---|---|---|---|---|---|
| – | 0 | 1 | 2 | 3 | 4 |
| ከ | 1 | 0 | 1 | 2 | 3 |
| ተ | 2 | 1 | 0 | 1 | 2 |
| ማ | 3 | 2 | 1 | 1 | 2 |

የላይኛው ረድፍና የግራው ዓምድ ከባዶ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገውን ይቆጥራሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሳጥን ሦስት ጎረቤቶቹን ታያላችሁ። ከላይ ያለው ሲደመር 1። ከግራ ያለው ሲደመር 1። በሰያፍ ከላይ በግራ ያለው ደግሞ፣ ፊደሎቹ አንድ ከሆኑ እንዳለ፣ ካልሆኑ ሲደመር 1። ከሦስቱ ትንሹን ትጽፋላችሁ።

ማ እና ሞ የሚገናኙበት ሳጥን ላይ ቁሙ። በሰያፉ 0 አለ፤ ፊደሎቹ ስለሚለያዩ 1 ሆነ። ከላይ 1 ሲደመር 1፣ 2። ከግራም 2። ትንሹ 1 ነው። ከዚያ ች ጋ ስንደርስ ከግራው 1 ላይ አንድ ጨምረን 2። የታችኛው ቀኝ ጥግ መልሱ ነው፤ ርቀቱ 2። ማ ሞ ሆነ፣ ች ተጨመረ።

ርቀቱን ወደ መመሳሰል ለመቀየር ከረጅሙ ስትሪንግ ርዝመት ጋር ታካፍሉትና ከ1 ትቀንሱታላችሁ። እዚህ 1 ሲቀነስ 2 ለ4፣ ማለትም 0.5። ኮድ ስትጽፉ ሙሉውን ሠንጠረዥ መያዝ አያስፈልግም፤ ሁለት ረድፍ ብቻ ይበቃል። የዳሜራውን የቦታ መለዋወጥ ከጨመራችሁ ደግሞ ሦስት ረድፍ።

ፊደል እንደ አንድ፣ ፊደል እንደ ሁለት

አሁን ወደ አቆየሁት ነገር ልምጣ። «ታደሰ» እና «ታድሰ» በሌቨንሽታይን ርቀታቸው 1 ነው፤ መመሳሰላቸው 0.67። «ታደሰ» እና «ታደለ»ም ርቀታቸው 1፣ መመሳሰላቸው 0.67። የመጀመሪያው ጥንድ በኪቦርድ የተሳተ አንድ ስም ነው። ሁለተኛው ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። መለኪያው አይለያቸውም።

እኛ ግን እናያለን። ደ እና ድ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሰ እና ለ አይደሉም። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን በአንድ ላይ ስለሚይዝ፣ ደ ድ ስትሆን የተቀየረው ግማሹ ነው። ይህን ለኮዱ የምንነግረው በዚያችው በ8 ማካፈል ነው። ሁለት ፊደላት ሲለያዩ ቤተሰባቸውን አወዳድሩ። ቤተሰቡ አንድ ከሆነ ዋጋው 0.5፣ ካልሆነ 1። ሠንጠረዡ ላይ ሌላ ምንም አይቀየርም።

«ታደሰ»ና «ታድሰ» አሁን 0.83 ሆኑ። «ታደሰ»ና «ታደለ» 0.67 ላይ ቀሩ። «መስታወት» እና «መስተዋት»ንም ሞክሩት። ከ0.6 ወደ 0.8 ይወጣል።

አንድ ጊዜ ሌላ መንገድ ሞክሬ ነበር። እያንዳንዱን ፊደል ተነባቢና አናባቢ አድርጌ በታትኜ፣ የተበተነውን በተራው ሌቨንሽታይን ለካሁት። አልሆነልኝም። ስትበትኑ ርዝመቱ እጥፍ ስለሚሆን ሁሉም ነገር ይቀራረባል። ወርቅነህ ታደሰና ወርቅነሽ ታደሰ ባዶ ቦታውን ሳንቆጥር ከ16 ቁራጭ በአንዱ ብቻ ስለሚለያዩ 0.94 ደረሱ። የፊደሉን አንድነት ጠብቆ ዋጋውን ብቻ መቀነስ ይሻላል።

የዚህም ዘዴ ድክመት አለ፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። «ፍቅሩ» እና «ፍቅሬ» ሁለት ስሞች ናቸው፤ የሚለያዩት ግን በአናባቢ ብቻ ነው። እነሱም 0.83 ያገኛሉ። ከ«ታደሰ»ና «ታድሰ» ጋር እኩል። በፊደል ብቻ ይህን መለየት አይቻልም። ለዚህ ነው ስም ብቻውን አይበቃም የምለው። ስልክ፣ የትውልድ ዘመን፣ የአባት ስም፣ ያላችሁን ሁሉ ጨምሩ።

ባይት እየቆጠራችሁ እንዳይሆን

ይህ አጭር ነው፤ ግን ብዙ ሰው ሳያውቀው ይወድቅበታል። በዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ ፋይል ውስጥ በብዛት በሚቀመጥበት መንገድ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት፣ ማለትም 3 የማከማቻ ቁራጭ፣ ይይዛል። አንዳንድ ፈንክሽኖች ፊደል ሳይሆን ባይት ነው የሚቆጥሩት። ከፕሮግራም ቋንቋው ከፒኤችፒ ጋር አብሮ የሚመጣው ሌቨንሽታይን እንዲህ ነው።

ሰ እና ሠ የሚለያዩት በመጨረሻው ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ ሦስት ፊደል ቃል ውስጥ አንድ ፊደል ሲቀየር 0.67 መሆን የነበረበት ከ9 ባይት አንዱ ተቀየረ ተብሎ 0.89 ይሆናል። ከዚህ የባሰም አለ። ዋናዎቹ የግዕዝ ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነው፤ 225። ምንም የማይገናኙ፣ ርዝመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቃላት ሳይቀር ቢያንስ 0.33 ያገኛሉ ማለት ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። «ከበደ» እና «ሀሎሙ»ን ስጡት። ርቀቱ 3 ካልሆነ ባይት እየቆጠረ ነው።

ጃሮ-ዊንክለር፦ ለምን ለእኛ አይመችም

ስም ለማወዳደር ምን ልጠቀም ብላችሁ ስትጠይቁ ቶሎ የሚነገራችሁ ይህ ነው። ማቲው ጃሮ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው ከአሜሪካ የፍሎሪዳ ከተማ ከታምፓ የ1985 ቆጠራ ጋር በተያያዘ ሥራ ነው። ዊሊያም ዊንክለር በ1990 ማሻሻያ ጨመረበት። ሰዎች የስማቸውን መጀመሪያ እምብዛም አይሳሳቱም፤ ስለዚህ መጀመሪያቸው አንድ የሆኑ ስሞች ጉርሻ ነጥብ ያግኙ፣ እስከ 4 ፊደል ድረስ።

በላቲን ፊደል 4 ፊደል የስሙ መግቢያ ነው። በግዕዝ ፊደል ግን 4 ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ራሱ ነው! ወርቅነህና ወርቅነሽን ተመልከቱ። ከ5 ፊደል 4ቱ ገጥመዋል፤ ጃሮው 0.87 ነው። የዊንክለር ጉርሻ ሲጨመር 0.92 ይሆናል። እኛ ጾታን የምናመለክተው በስሙ መጨረሻ ነው። ነህና ነሽ፣ «አበበ»ና «አበበች»፣ «ዘነበ»ና «ዘነበች»። ይህ መለኪያ ደግሞ መጨረሻውን አቅልሎ መጀመሪያውን ያከብዳል። ለእኛ ስሞች የተገላቢጦሽ ነው።

ሌላም አለ። ጃሮ ቦታቸው የተዛነፈ ፊደላትን የሚፈልገው ከረጅሙ ስም ርዝመት ግማሽ ላይ 1 ቀንሶ በሚያገኘው ርቀት ውስጥ ነው። ባለ 3 ፊደል ስም ላይ ይህ ዜሮ ይሆናል። ያኔ ጎረቤት ፊደላት ቦታ መለዋወጣቸውን ማየት አይችልም። የእኛ ስሞች ደግሞ ስንቶቹ ባለ 3 ፊደል ናቸው!

ስሞቹ በላቲን ፊደል የተጻፉ ከሆነ ግን ያለ ስጋት ተጠቀሙበት። ለዚያ በደንብ ይሠራል።

የቃላት ቦታ ሲለዋወጥ

«ታደሰ ዓለሙ» እና «ዓለሙ ታደሰ» በሌቨንሽታይን 0.14 ብቻ ያገኛሉ። ከመሃሉ ባዶ ቦታ በስተቀር የሚገጥም የለም። እዚህ ላይ ቁርጥራጭ ማወዳደር ይሻላል። እያንዳንዱን ቃል በሁለት ሁለት ፊደል ቆራርጡት፤ መነሻውንና መድረሻውንም በምልክት ያዙ። የጋራ የሆኑትን ቁርጥራጮች በጠቅላላው ልዩ ልዩ ቁርጥራጭ አካፍሉ። የስዊሱ የዕፅዋት ተመራማሪ ፖል ዣካር የሁለት ቦታ ዕፅዋት ምን ያህል እንደሚገጥሙ ለማየት የተጠቀመበት ስሌት ነው። ሁለቱ ስሞች በዚህ 1.0 ያገኛሉ።

ብዙ ዳታቤዞች ይህን በሦስት ሦስት ፊደል ይሠሩታል። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ የትራይግራም (የሦስት ሦስት ፊደል ቁርጥራጭ) ማሟያ አለው፤ መነሻ መቁረጫው 0.3 ነው። ነገር ግን ባለ 3 ፊደል ቃል በሦስት ሲቆረጥ ምን ይተርፋል? ለአጭር የአማርኛ ስም ሁለት ሁለት ይሻላል። እሱም ቢሆን ጨካኝ ነው። «መስታወት» እና «መስተዋት» ያለ መነሻና መድረሻ ምልክት ከ7 ልዩ ቁርጥራጮች የሚጋሩት «መስ»ን ብቻ ነው። አንድ ፊደል ሲቀየር ሁለት ቁራጭ ይሰበራልና። ስለዚህ ለረጅም ጽሑፍ፣ ለአድራሻ፣ ለርዕስ እጠቀምበታለሁ፤ ለስም ግን ቃሎቹን ለያይቼ በሌቨንሽታይን አጣምራቸዋለሁ።

በፕሮግራም ቋንቋው በፓይተን የምትጽፉ ከሆናችሁ ዲፍሊብ የሚባለው ላይብረሪ አብሮ ስለሚመጣ ለጅምር ጥሩ ነው። የቅርብ ተመሳሳይ መፈለጊያው ምንም ካልነገራችሁት 0.6 ላይ ይቆርጣል። ግን እሱ የሚያሰላው ሌቨንሽታይንን አይደለም፤ የሁለቱን ስትሪንጎች ቅደም ተከተል ስትገለብጡም ውጤቱ ሊቀየር ይችላል። ውጤት አልገጥም ካላችሁ መጀመሪያ ይህን አስቡ።

ፊደል መቅረብ ትርጉም መቅረብ እንዳልሆነም አትርሱ። «ገደለ» እና «ገደል» በአንድ አናባቢ ይለያያሉ። «ቀን» እና «ዕለት» ደግሞ አንድም ፊደል አይጋሩም። የምትፈልጉት ትርጉም ከሆነ ይህ ጽሑፍ የሚያሳያችሁ መሣሪያ አይረዳችሁም፤ ትርጉምን በቁጥር ወደሚወክለው ወደ ቋንቋ ሞዴሎች ቬክተር ሂዱ።

መቁረጫ ነጥቡን ከዳታው አውጡት

0.85 ከየት እንደመጣ መልስ አልነበረኝም ብያችኋለሁ። አሁን እንዲህ ነው የማገኘው።

ከራሱ ከዳታው 300 ጥንድ አወጣለሁ። በዘፈቀደ አይደለም። በዘፈቀደ ካወጣችሁ ሁሉም ማለት ይቻላል የተለያዩ ሰዎች ይሆናሉ፤ ምንም አትማሩበትም። ነጥባቸው ከ0.6 በላይ ከሆኑት፣ ከአስቸጋሪው ሠፈር ነው የምመርጠው። ከዚያ ነጥቡን ሳያዩ ሁለት ሰዎች ለየብቻ «አንድ ሰው» ወይም «ሁለት ሰው» ብለው ምልክት ያደርጋሉ። እነሱ ራሳቸው ያልተስማሙበትን ጥንድ ኮዱ ይወስነዋል ብላችሁ አትጠብቁ።

ቀጥሎ በነጥብ ደርድሩትና ከላይ ወደ ታች አንብቡት። የመጀመሪያው «ሁለት ሰው» የሚመጣው የት ላይ ነው? ያለ ሰው ዓይን የሚዋሀዱት ከዚያ በላይ ያሉት ብቻ ናቸው። የመጨረሻው «አንድ ሰው» የት ላይ ነው? ከዚያ በታች ያለውን ተዉት። መሃሉን ሰው ይየው። አንድ መቁረጫ ሳይሆን ሁለት ነው የሚያስፈልገው። ለእኔ የመጨረሻ ዳታ 0.95 እና 0.75 ወጥቶልኛል፤ የእናንተ ሌላ ይሆናል።

ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይደሉም። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ቢቀር ዝርዝሩ ይረዝማል። ሁለት ሰው አንድ ቢደረግ ግን አንዱ ሰው ይጠፋል። ስለዚህ የላይኛውን መቁረጫ ስታስቀምጡ አትሳሱ፣ ከፍ አድርጉት። መዝገብ በፍጹም አትሰርዙ። የተዋሀዱትን በማያያዣ አገናኟቸው፤ የትኛው ከየትኛው ጋር፣ በምን ነጥብ፣ መቼ የሚለውን ጻፉ። እኔ የወርቅነሽን መዝገብ መመለስ የቻልኩት የድሮውን ቅጂ አንድ ባልደረባዬ ስላስቀመጠው ብቻ ነው።

ዳታው ሲበዛ

40,000 ስም እርስ በርስ ማወዳደር 799,980,000 ጥንድ ነው። ማታ ጀምሬው ጠዋት ስመጣ ገና መንገድ ላይ ነበር።

ሁሉንም ማወዳደር አያስፈልግም። በቡድን ከፋፍሏቸው፤ ቡድኑ ውስጥ ብቻ አወዳድሩ። የእኔ መክፈያ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ቤተሰብ ነው፤ አሁንም ያው በ8 ማካፈል። ግን በአንድ መክፈያ ብቻ ከቆማችሁ የመጀመሪያ ፊደሉ የተሳተ ስም ቡድኑን ስቶ ይጠፋል። ስለዚህ ሁለተኛ ዙር በአባት ስም፣ ሦስተኛ ዙር በስልኩ የመጨረሻ 4 አሃዝ እከፍላለሁ። በአንዱ ያመለጠ በሌላው ይያዛል።

የርዝመት ልዩነትም ይረዳል። ርቀቱ ከርዝመታቸው ልዩነት አያንስም። አንዱ 4 ሌላው 10 ፊደል ከሆነ ርቀቱ ቢያንስ 6 ነው፤ ሠንጠረዡን ሳትጀምሩ እለፉት።

በመጨረሻ በቁጥር የማይገዙትን እንደ ቋሚ ሕግ አስቀምጡ። በእኔ ኮድ ውስጥ ሁለት ስሞች የሚለያዩት በመጨረሻው ህ እና ሽ ብቻ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ላይ ች ብቻ ከተጨመረ፣ ነጥቡ ምንም ይሁን ያለ ሰው ዓይን አይዋሀዱም። ኮዱን በቀየርኩ ቁጥር የሚሮጥ የመፈተኛ ፋይል አለኝ። የመጀመሪያው መስመር «ወርቅነህ ታደሰ»፣ «ወርቅነሽ ታደሰ» ነው። ሁለተኛው «ኃይለማርያም ዓለሙ»፣ «ሀይለ ማርያም አለሙ»። የመጀመሪያው «ለሰው ይታይ»፣ ሁለተኛው «አንድ ሰው» ካላለ ኮዱ ከኔ ኮምፒውተር አይወጣም።